ባሕር ሳታይ መርከብ ላይ፦ ከአዘዞ ለመጣው ደብዳቤ

«ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሸራ መርከብ ላይ የባሕር ሳይንስና የመርከብ ሥራ ለሚያስተምር የስድስት ሳምንት ትምህርት አመልክቼ ተቀብለውኛል። መርከቡ በየካቲት መጀመሪያ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ውስጥ ያለችው ግሬናዳ ይገባል። እኔ ግን ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዋና አልችልም፤ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። ጉዞው ደግሞ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። እናቴ ‹ባሕር በሌለው አገር የባሕር ትምህርት ምን ሊሠራልሽ ነው?› እያለች ታለቅሳለች። ሦስት ወር አለኝ፤ በምን ላዋለው?
ባለ ሸራዋ፣ ከአዘዞ»

እኅታችን ባለ ሸራዋ፣ ሂጂ። ሦስት ወር ይበቃሻል። ብቻ ሦስቱንም ወር የውቅያኖስ መጽሐፍ ስታነቢ እንዳትጨርሺው። መጽሐፉን እዚያም ያስነብቡሻል። ቀድሞ መሰናዳት ያለበት እጅሽ፣ ሆድሽና የሰዓት ልማድሽ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልን። ብዙ ተማሪ «ሳይንሱ የኔ፣ ገመዱ የመርከበኛው» ብሎ ይሄዳል። እዚያ ግን መሪ ይዛ የቆመችው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ መረብ ትጥላለች፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ታጥባለች። እንዲህ የሚደረገው የሰው እጥረት ስላለ አይምሰልሽ። የሚለካው ነገር ሁሉ በመርከቡ አነዳድ ላይ ስለሚቆም ነው። በቁጥር እናሳይሽ።

የውሃውን ገጽ የሚያፍስ ኒውስተን የሚባል መረብ አለ። አፉ 1 ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ማዕቀፍ ነው፤ የመረቡ ዓይን 0.335 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭራው ላይ የሚፈታ ማጠራቀሚያ ጣሳ አለው። ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ ሆኖ በመርከቡ ጎን በ2 ኖት ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ይጎተታል። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። እንግዲህ በግማሽ ሰዓት 1,852 ሜትር ተሄደ፣ በ1 ሜትር ስፋት 1,852 ካሬ ሜትር ባሕር ታፈሰ። ከጣሳው 37 የፕላስቲክ ፍንጣሪ ብትለቅሚ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 20,000 ፍንጣሪ አለ ብለሽ ትጽፊያለሽ። አሁን ንፋሱ በረታና ሸራ የሚቀንስ ጠፍቶ መርከቡ በ3 ኖት ሄደ እንበል። ማንም አልመዘገበም። የታፈሰው 2,778 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ እውነቱ 13,300 ገደማ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ የቱንም ያህል ተጠንቅቀሽ ብትቆጥሪ፣ ይህ ስሕተት የተሠራው መሪው ጋ ነው። ንፋሱ ሲበረታ ሌላም ጣጣ አለ፤ ማዕበሉ ፕላስቲኩን ወደ ታች ያዋህደዋል፣ መረቡም ከውሃ እየዘለለ አየር ያፍሳል። ስለዚህ የንፋሱ ኃይልና የማዕበሉ ከፍታ ከፍንጣሪው ቁጥር ጎን መጻፍ አለበት።

ሌላው የሽቦ ነገር ነው። መረብ በሽቦ ወደ ጥልቁ ስትሰጂ፣ መርከቡ ቆሞ ካልጠበቀሽ ሽቦው ያዘማል። 100 ሜትር ሽቦ ለቅቀሽ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካዘመ መረቡ ያለው 87 ሜትር ላይ ነው፤ 45 ዲግሪ ካዘመ 71 ሜትር ላይ። ሙቀቱ በድንገት በሚለወጥበት የውሃ ንጣፍ ውስጥ 13 ሜትር ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ የሚኖረው ፍጥረትም ሌላ። ጨው፣ ሙቀትና ጥልቀት የሚለካው ሲቲዲ የሚባለው መሣሪያ ጥልቀቱን ከውሃው ግፊት ራሱ ስለሚያውቅ በዚህ አይታለልም፤ መረብ ግን ይታለላል። መርከቡን ለማቆም አንዱን ሸራ ንፋሱ ከፊት እንዲገፋው ያዞሩታል፤ አንዱ ወደፊት ሲጎትት ሌላው ወደኋላ እየገፋ ይተካከላሉ። ይህን የሚያደርጉት ገመድ የያዙት ተማሪዎች ናቸው። ገመዱ ካልተጎተተ ሳይንሱ የለም የምንልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እጅሽ። ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 3 ሜትር ገመድ ግዢ። በጣም የሚያንሸራትተውን የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ተዪው፤ ቋጠሮ አይዝም፤ ተማሪንም ያታልላል። ከሁሉ አስቀድመሽ ቦውላይን ተማሪ፤ የማይጠብቅ፣ የማይሾልክ ክብ የሚሠራ ቋጠሮ ነው። ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሪ፤ የጫፉ ወገን ከላይ ይረፍ። ጫፉን ከቀለበቱ ሥር ወደ ላይ አውጪው፣ ከዋናው ገመድ ጀርባ አዙሪው፣ ተመልሶ በዚያው ቀለበት ወደ ታች ይግባ። ከዚያ ጫፉንና ዋናውን ባንድነት ሳቢ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው፦ ቀለበቱ ተገልብጦ ከተሠራ ሲጎተት ቋጠሮው ይተረተራል፤ ጫፉ ከስንዝር ካነሰ ደግሞ ገመዱ እየላላና እየተወጠረ ሲቆይ ሾልኮ ይወጣል። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ከዚያ እጅሽ እርጥብ ሆኖ፣ ከዚያ እናትሽ እያናገሩሽ እስክትችይው ድረስ አትልቀቂው። ክሎቭ ሂች፣ ባለ 8 ቅርጹ ቋጠሮና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ከተጨመሩበት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።

መርከቡ ላይ ገመዶቹ የሚታሰሩት ግድግዳው ላይ በተደረደሩ ካስማዎች ነው። በሁለት ምሰሶ መርከብ ላይ ብዙ አሥር ገመዶች አሉ፤ የእያንዳንዱን ካስማ ቦታ በጨለማ ማወቅ ይጠበቅብሻል። ካርታውን አስቀድመው እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ ብዙውን ጊዜ አላቸው። ሸራ የተሸከመ ገመድ ስትለቂ ከካስማው ሁሉንም ዙር ባንዴ አትፍቺ፤ አንድ ዙር ይቅርና ሰበቃው ሸክሙን ይያዝልሽ። ገመድ በእጅሽ ላይ አትጠምጥሚ። ወለል ላይ የተጣለ ገመድ ክብ ውስጥ እግርሽን አታስገቢ። ቀለበት፣ አምባር፣ ጉትቻ ይውለቅ። ማዕተብሽን ከሸሚዙ ውስጥ ክተቺው፤ ሽቦ የሚጠመጥመው ዊንች አጠገብ ደግሞ ነጠላም ሻርፕም ያልተጎነጎነ ፀጉርም አይቀርብም። ምሰሶ ላይ ስትወጪ ንፋሱ ከሚመጣበት ጎን ውጪ፤ ንፋሱ ወደ መሰላሉ ይገፋሻል። እጅሽ ቀጥ ብለው የቆሙትን ወፍራም ሽቦዎች ይያዝ፣ አግድሞቹን እግርሽ ይርገጣቸው እንጂ እጅሽ አይያዛቸው፤ የሚበጠስ ቢኖር አግድሙ ነው።

ከገመዱ ይልቅ የኛን ልጆች የሚያስቸግራቸው ግን «እሺ» ነው። በኛ አገር ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ እሺ ማለት ጨዋነት ነው፤ ባይገባንም እሺ እንላለን። መርከብ ላይ ትእዛዝ ሲሰጥሽ ትእዛዙን ራሱን ጮክ ብለሽ ትደግሚዋለሽ፤ ከፈጸምሽ በኋላም መፈጸምሽን ትናገሪያለሽ። «ዝግጁ?» ሲባል ዝግጁ ካልሆንሽ «አልተዘጋጀሁም» ብለሽ መጮኽ አለብሽ። በንፋስ ውስጥ ለስለስ ያለ እሺ አይሰማም፤ ቢሰማም ምን እንደገባሽ አይናገርም። ይህን ከጓደኛሽ ጋር በእንግሊዝኛ ተለማመጂው። ማፈርሽ እዚሁ ጎንደር ይለቅ።

ቀጥሎ ሰዓት። ተማሪው በሦስት ቡድን ይከፈላል። ብዙ የታወቀው አደላደል በኛ አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 7፣ ከቀኑ 7 እስከ ምሽቱ 1፣ ከዚያ ሌሊቱ ከምሽቱ 1 እስከ 5፣ ከሌሊቱ 5 እስከ 9፣ ከሌሊቱ 9 እስከ ንጋቱ 1። አምስት ፈረቃ ለሦስት ቡድን ስለማይካፈል ተራሽ በየቀኑ ይገፋል፤ ሁለት ቀን አሥር አሥር ሰዓት ትሠሪያለሽ፣ በሦስተኛው አራት ሰዓት ብቻ። እንቅልፍሽ ስለሚቆራረጥ የተገኘውን ሰዓት ሁሉ መተኛት መቻል ትልቅ ሙያ ነው። ለፈረቃ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ዴክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ መገኘት ደንብ ነው፤ አቅጣጫው፣ የተሰቀለው ሸራ፣ በዓይን የሚታየው ሌላ መርከብ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጀመረው ሥራ፣ ሁሉም በቃል ይረከባል። ሌሊት የስልክ መብራት ያበራ ሰው የሁሉንም ዓይን ለ20 ደቂቃ ያሳውራል፤ ቀይ መብራት ያለው የግንባር ባትሪ ግዢ።

መዝገቡ የሚጻፈው ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፣ በ24 ሰዓት። እዚህ ላይ ለኛ ሰው ወጥመድ አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኛ አነጋገር፣ በፈረንጁ 9፣ በዩቲሲ 6 ነው። በድካም ሰዓት አእምሮ ወደ ልማዱ ይመለሳል፤ ስድስት ሰዓት የተሳሳተ ናሙና ደግሞ ሌላ ቦታ የተቀዳ ናሙና ነው፤ በስድስት ሰዓት መርከቡ 36 የባሕር ማይል ሊሄድ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ የእጅ ሰዓትሽን በዩቲሲ አስተካክዪው፤ ቀኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ጨምረሽ መጻፍ ልመጂ። በየሰዓቱ የአየር ግፊት፣ ንፋስ፣ ደመና፣ የባሕሩ ሁኔታና የመርከቡ ቦታ ይመዘገባል። ስልክሽ የግፊት መለኪያ ካለው ጎንደር ላይ 785 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያሳይሻል፤ ባሕር ላይ ከ1,010 በላይ ስታዪ አትደንግጪ፤ ሁለት ሺህ ሜትር አየር ተጨምሮብሽ ነው። ለሦስት ቀን በየሰዓቱ እየጻፍሽ ብትስዪው ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ታያለሽ፤ ከፍ የሚለው 4 ሰዓት ገደማ ጠዋትም ማታም፣ ዝቅ የሚለው 10 ሰዓት ገደማ ቀንም ሌሊትም። በሞቃቱ የምድር ክፍል ሁሌም ያለ ነው፤ የአውሎ ምልክት የሚሆነው ከዚህ ልማዱ ሲወጣ ነው።

የመዝገቡ ሕግ አጭር ነው። በእርሳስ ይጻፋል። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ስምሽ በምኅጻር ጎኑ ይቀመጣል፤ አይፋቅም። ከሁሉም ከሁሉም፣ ያላነበብሽውን ቁጥር አትጻፊ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብርድና እንቅልፍ አንድ ላይ ሲመጡ «ካለፈው ሰዓት አይለይም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። «አልተነበበም» ብሎ መጻፍ ያስወቅሳል፤ ማንም ሰው አልሞተም። የተፈጠረ ቁጥር ግን ከእውነተኞቹ ስለማይለይ አንዱ ከተገኘ ገጹን ሁሉ ያስጥላል።

ናሙና ላይም የጀማሪ ስሕተቶቹ የታወቁ ናቸው። ውሃ ከጥልቅ የሚቀዳው ኒስኪን ጠርሙስ ከመውረዱ በፊት የላይኛው የአየር ቀዳዳና የታችኛው ቧንቧ ይዘጋ፤ ከተረሳ ሲወጣ ያንጠባጥብና የሌላ ጥልቀት ውሃ ይቀላቀልበታል። ከጠርሙሱ በመጀመሪያ የሚቀዳው ለኦክስጅን የሚሆነው ነው፤ ቱቦው እስከ ታች ይግባ፣ አረፋ አይኑር፣ ብርጭቆው ሁለት ሦስት እጥፍ ሞልቶ ይፍሰስ። መረብ የሚታጠበው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ከውስጥ የረጨሽው ባሕር ውሃ አዲስ ፍጥረት ይጨምርብሻል። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ማሰሮው ውስጥ ይግባ፤ ክዳኑ ላይ ያለው የስክሪብቶ ጽሑፍ አልኮል ሲነካው ይጠፋል።

ይህን ከመሄድሽ በፊት ጎርጎራ ወርደሽ ቀምሰሽው ሂጂ። ብረታ ብረት ቤት ገብተሽ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ አስቆርጪ፣ መሐሉን አስበሺ፣ አራት ከፍለሽ ጥቁርና ነጭ ቀቢው። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. ነው ባሕር ላይ የሞከረው። ከሥሩ ሁለት ኪሎ የሚሆን ክብደት አንጠልጥዪ፤ ካልከበደ ይዋዥቃል። ገመዱን አስቀድመሽ አርጥበሽ ከሳብሽው በኋላ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጊ፤ ደረቅ ናይለን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ገመዱ ሲለጠጥ የተሳሳተ ጥልቀት ያነባል። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው፣ በጀልባዋ ጥላ በኩል አውርጂ፤ የጠፋበትንና ሲወጣ የታየበትን ጽፈሽ አማካዩን ውሰጂ። ጣና ላይ ብዙ ጊዜ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይጠፋል፣ ክረምት መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ደለሉን ሲያመጡ ይብሳል። አትላንቲክ መሐል ያው ሥራ በ30 ሴንቲ ሜትር ነጭ ዲስክ ይሠራል፤ ሠላሳ ሜትር ወርዶም ሊታይሽ ይችላል። ጀልባ ተከራይተሽ ስትወጪ ላይፍ ጃኬት ልበሺ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሣ በጠዋት ጨርሺ።

ግን ዋና ለመማር ጣና አትግቢ። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ የጎንደር ዙሪያ ወንዞችም አይታመኑም። ክሎሪን ያለበት የሆቴል ገንዳ ፈልጊ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሂጂ። ግብሽ ፍጥነት አይሁን፤ ሳትደነግጪ አምስት ደቂቃ ተንሳፍፈሽ መቆየት፣ ከዚያ 50 ሜትር በፈለግሽው ስልት መሄድ። ዋና አለመቻልሽን ለመርሐ ግብሩ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ የመዋኛ ፈተና ካላቸው መጠኑን ይነግሩሻል። እናትሽንም እዚህ ላይ አረጋጊያቸው፦ ሌሊትና በማዕበል ጊዜ ዴክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሃርነስ የሚባለውን የደረትና የትከሻ ማሰሪያ ለብሶ ከመርከቡ ጋር በመንጠቆ ይያያዛል። ሰው ቢወድቅ፣ እሳት ቢነሣ፣ መርከብ መልቀቅ ቢያስፈልግ ምን እንደሚደረግ ገና ከመነሣታችሁ ልምምድ ይደረጋል። በሳተላይት የሚያስጠራ 406 ሜጋኸርዝ የአደጋ ማሰራጫ አለ። ሞተርም አለው፤ ሸራ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ለሦስት ሳምንት ያህል ስልክ አይኖርም። ከካናሪ ግሬናዳ ወደ 2,700 የባሕር ማይል ነው፤ በ6 ኖት ቀንና ሌሊት ቢኬድ 19 ቀን ይፈጃል፣ ንፋስ ሲቀንስ ይረዝማል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልክ ጠብቀው እንዳይታመሙ «እስከ 25 ቀን ዝም ብል አትጨነቂ» በያቸው።

ማቅለሽለሽሽ ከመርከቡ አያስቀርሽም። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት ይታመማል፣ ከዚያ ሰውነቱ ይለምዳል። መድኃኒት ከታመምሽ በኋላ ብትውጪው ስለማይቆይልሽ ከመነሣታችሁ በፊት ነው የሚወሰደው። ፋርማሲ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ፕሮሜታዚን ይሠራል፤ ግን ከባድ እንቅልፍ ይጥላል፣ ምሰሶ ለሚወጣ ሰው አይመከርም። ሜክሊዚን ቀለል ይላል፤ ከመነሣታችሁ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ከመነሣታችሁ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ ሦስት ቀን ይቆያል፤ አፍ ያደርቃል፣ ከነካሽው በኋላ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን ካሸሽ ብሌንሽ ይሰፋና ማንበብ ያቅትሻል፤ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ላለበት ክልክል ነው። የትኛውም ቢሆን ሐኪም ጠይቀሽ፣ አንድ ቀን እዚሁ መሬት ላይ ሞክሪው። ሲጀምርሽ ከታች ክፍል ውጪ፣ አድማሱን እያየሽ መሪ ያዢ፤ የሚገርም መድኃኒት ነው። ባዶ ሆድ ያብሳል፣ ደረቅ ቆሎ ያስታግሳል፤ ዝንጅብልም ያዢ። ካስመለሰሽ ንፋሱ ወደሚሄድበት ጎን፣ በመንጠቆ ተያይዘሽ፣ ለጎረቤትሽ ነግረሽ፤ ቤተ ሙከራው ገንዳ ውስጥ ግን በጭራሽ። ኦ.አር.ኤስ. አሥር ፓኬት ያዢ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጠጪ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የምግብ ኃላፊው ስንቁን የሚገዛው ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ አሁን ንገሪ። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካልሽ ዓሣ፣ እንቁላልና ቅቤ ያቀርቡልሻል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ እንደማትበዪ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ዘይት እንደሚበቃሽ ዘርዝረሽ ጻፊ። በሶ ሦስት ኪሎ ያዢ፤ ሌሊት ከፈረቃ በፊት በውሃ በጥብጠሽ የምትጠጪው ከዚያ የሚሻል የለም። ሲፈተሽ ምግብ መያዝሽን አስታውቂ። እስከ 9 ሰዓት የመቆየቱን ነገር ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ በትውከት ውሃ ያጣ፣ መድኃኒት የወሰደና ገመድ የሚጎትት ሰው ውሃ ሳይጠጣ መዋሉ ያደክማል ብቻ ሳይሆን ይጥላል።

ልብስ በአጭሩ፦ ጥጥ ሲርስ አይደርቅም፣ ጨው ከገባበት እርጥበት ይስባል። ጋቢሽን ለአልጋ አቆዪው። ሱፍ ሹራብ ሁለት፣ ውሃ የማያስገባ ኮትና ሱሪ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ በማሰሪያ የሚታሰር ባርኔጣ። የወር አበባ መያዣሽን ለስድስት ሳምንት የሚበቃ ያዢ፤ መጸዳጃው ውስጥ ከወረቀት በቀር ምንም አይጣልም፣ ቧንቧው ከተዘጋ የሚፈታው ተረኛው ነው። ተረኛው ደግሞ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ወደ እናትሽ ጥያቄ እንምጣ፤ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ እምቦጭ መኖሩ ታወቀ። በዚያው ዓመት ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ ካሪቢያን ድረስ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ ተንሳፋፊ የባሕር አረም ከወትሮው ውጪ በዝቶ የካሪቢያንን ዳርቻዎች ሞላ፤ ከዚያ ወዲህም በአብዛኛው ዓመት ይመለሳል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በሳተላይት የተገመተው ክብደቱ ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ሁለቱ ዕፅዋት ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ የጨው ውሃ፣ ሌላው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ጥያቄው ግን ይመሳሰላል፦ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ከየት መጣ? ወንዝ ካጠበው እርሻ፣ ከጥልቅ ከወጣ ውሃ ወይስ ከንፋስ አቧራ? መንገድሽ በቀጥታ በዚያ አረም ቀበቶ አጠገብ ያልፋል። ለትምህርቱ የራስሽን ጥናት ምረጪ ሲሉሽ ይህን ምረጪ። መረቡ ሳርጋሰም ይዞ ሲመጣ እያንዳንዱን ጉጥ በባሕር ውሃ ባልዲ ውስጥ አራግፊ፤ ሽሪምፑ፣ ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣው ይወርዳል። ውሃውን አንጠፍጥፈሽ አረሙን በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኚ፣ ዝርያውን ለዪ፣ የታፈሰውን ካሬ ሜትር ከጎኑ ጻፊ፣ ከዚያው ቦታ ለፎስፌትና ለናይትሬት ውሃ ቅጂ። ስትመለሺ ያንኑ አሠራር በጎርጎራ እምቦጭ ላይ መድገም ትችያለሽ፤ የሚያስፈልግሽ ባልዲ፣ ሚዛን፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍና ጨዋ መዝገብ ነው። ከጎንደር ሳትወጪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለእናትሽ የክረምቱን ነገርም አጫውቻቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ክረምቱ የከዳው የምሥራቅና የመካከለኛው ፓስፊክ ውሃ ስለሞቀ ነው፤ ኤልኒኞ ሲሉ ሰምተዋል። በባሕር ሙቀት መለካትና በደንቢያ ገበሬ ማሳ መካከል ያለው ርቀት ካርታ ላይ እንደሚታየው አይደለም። ሥራም ቢሆን አለ፦ የጣናና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የዓሣና የውሃ ጥናት፣ ንግድ መርከብ፣ የውሃ ጥራት ቁጥጥር፤ ሲቲዲና ኒስኪን ጠርሙስ ጨው በሌለበት ውሃም ይሠራሉ።

አንድ የማታ ሥራ እንጨምርልሽ። ሰማዩ ሲጠራ ሰሜን ኮከብን ፈልጊ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን አድማሱ ላይ አስቀምጪ፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ጎንደር በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ስላለች ኮከቡ ከአንድ ጡጫ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ተራራ ከሸፈነሽ ገላጣ ቦታ ፈልጊ። ካናሪ ላይ ሦስት ጡጫ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በየማታው እየለካሽ ብትጽፊው ሲወርድ ሲወርድ ግሬናዳ ላይ ጎንደር የነበረበት ከፍታ ይመጣል፤ ሁለቱ ቦታዎች በኬክሮስ የሚለያዩት ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው። የኮከብን ከፍታ ከአድማስ የሚለካውን ሴክስታንት ሲሰጡሽ ምን እየለካሽ እንደሆነ ቀድሞ ይገባሻል።

ወረቀቱን ዛሬ ጀምሪ፣ ከዋናውም ከቋጠሮውም በፊት። ካናሪ የስፔን ግዛት ስለሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ቀጠሮው ወራት ሊፈጅ ይችላልና መርሐ ግብሩ መርከቡ የሚነሣበትን ቀንና ወደብ የሚገልጽ ደብዳቤ ወዲያው ይላክልሽ። በመርከብ ከወጣሽ በኋላ ወደዚያው አገር ሌላ ወደብ የምትመለሺ ከሆነ ባለ አንድ መግቢያ ቪዛ አያስገባሽም፤ ብዙ መግቢያ ጠይቂ። የግሬናዳን መግቢያ ለብቻው አጣሪ። የመልስ በረራሽ በሌላ አገር የሚያልፍ ከሆነ የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ይታወቅ። ፓስፖርትሽ ከመመለሻሽ ቀን በኋላ ስድስት ወር ይቅረው። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተወግተሽ ቢጫ ካርዱን ያዢ፤ አንዴ ከተወጋሽ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ጥርስሽንም አሁን አሳዪ፤ አትላንቲክ መሐል የጥርስ ሐኪም የለም።